ነፍሰ ጡሯ ለብቻዋ ትግባ? ከድሬዳዋ የተነሳ ጥያቄና የተከተሉት 22 መልሶች

ዋናው ጽሑፍ

ሰላም የቤቱ ሰዎች። የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህቴን አስፈቅጄ ነው፤ እሷን የሚያሳውቁ አንዳንድ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ።

ባለፈው ወር ለእርግዝና ክትትል አብሬያት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ባሏም ነበር። ሦስታችንም አንድ ላይ ገባን። ነርሷ ባልየውን ስታይ ፊቷ በራ፤ ሚስቱን ይዞ የሚመጣ ወንድ ስንት አለ ብላ መረቀችው። ከዚያ የደም ግፊት ልትለካ የእህቴን እጅጌ ስትሰበስብ፣ ክንዷ ላይ ወደ ውስጥ በኩል፣ አራት ጣት ተርታውን ያረፈበት የሚመስል የበለዘ ቦታ ታየ። ምን ሆነሽ ነው ብላ ጠየቀቻት። ባሏ ቀድሞ መለሰ፤ ከደረጃ ወድቃ ነው አለ። እህቴ ወለሉን እያየች ራሷን ነቀነቀች። ነርሷ ተጠንቀቂ እንጂ ብላ ግፊቱን ጻፈችና ቀጠሮ ሰጠቻት።

እህቴ የምትኖረው ግቢ ውስጥ ባለች አንድ ክፍል ነው። ደረጃ የላትም። የበሩ ደፍ እንኳ ከመሬቱ ጋር እኩል ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃ እንዳይገባባቸው ጆንያ አሸዋ ሞልተው ይደረድሩበታል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በየክትትሉ፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ ባሏ ውጭ ቆይቶ ለብቻዋ ብትጠየቅ አይሻልም ወይ? እኔ ይሻላል ባይ ነኝ። ወንድሞችም እህቶችም የምታውቁትን ንገሩኝ።

ይህን በለጠፍኩ በአራት ቀን ውስጥ 22 መልስ መጣ። ብዙ ሰው ዘግይቶ ገብቶ ከላይ ያለውን ማንበብ ስለከበደው፣ አድሚኑ በጠየቀኝ መሠረት ማን ምን እንዳለ በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

መልስ 1። መጀመሪያ የደረሰችው አንዲት የሐረር ልጅ ነች። እህቴ አሁን ደህና መሆኗን ጠየቀች፣ ልጇን በሰላም እንድታቅፍም መረቀቻት። በሐሳቡ ትስማማለች፤ ግን አንድ ስጋት አላት። ባልየው ድንገት ውጣ ከተባለ፣ ምን ልታወራ ነው ያስወጡኝ ብሎ ቤት ሲገቡ ይብስባታል። ይህ ስጋት እስከ መጨረሻው ከክሩ (ከውይይቱ) አልወጣም።

መልስ 2። ራሱን የከዚራ ጥላ ብሎ የሰየመ የሁለት ልጆች አባት በጨዋ ቋንቋ ተቃወመ። ለዓመታት በሬዲዮም፣ ቤት ለቤት በሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም፣ ሚስትህን ብቻዋን አትላክ ሲባል ኖሯል። ሰምቶም ሄዷል። የኤች አይ ቪ ምርመራውን አብረው አደረጉ፤ የመጀመሪያ ልጁን የልብ ምት የሰማው እዚያው ክፍል ውስጥ ቆሞ ነው። አሁን ደግሞ እንደ ተጠርጣሪ ደጅ ቁም መባል አልዋጥልህ አለው። ይህ መልስ ከበደኝ፤ እንዲህ ያለውን አባት ማስቀየም ከቶ ያሰብኩት አይደለም።

መልስ 3። ከሁሉ የረዘመውና እኔንም ብዙ ያስተማረኝ ይህ ነው። የጻፈችው እዚሁ ድሬ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ነች፤ የትኛው ጤና ተቋም እንደሆነ አልተናገረችም፣ እኛም አልጠየቅናትም። ለከዚራ ጥላ በአክብሮት ነበር የመለሰችው። ማንም ባል እንዲባረር አትፈልግም። በእሷ ክፍል ሥርዓቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ነፍሰ ጡሯ መጀመሪያ ብቻዋን ትገባለች፣ ትመዘናለች፣ ትመረመራለች፣ ከዚያ ባል ተጠርቶ የልብ ምቱን ይሰማል፣ የሚጠይቀውን ይጠይቃል። ለሁሉም እኩል ከሆነ ማንም ተለይቶ ተጠረጠርኩ አይልም። በሩ ላይ የማይፈናፈን ባል ሲያጋጥማት ደግሞ ሴቲቱን ሽንት ስጪ ብላ ራሷ ይዛት ትወጣለች። ሽንት ቤት ድረስ የሚከተል የለም።

ቀጥላ ስለ ሕመሙ ጻፈች። እርግዝናው ከ20 ሳምንት ካለፈ በኋላ ሆዷን የተመታች ሴት ምንም ባይሰማትም ሐኪም ቤት መሄድ አለባት። ምቱ እንግዴ ልጁን ከማህፀን ግድግዳ ሊያላቅቀው ይችላል። ደሙ አንዳንዴ ወደ ውጭ አይፈስም፤ ውስጥ ይጠራቀማል። ሆዷ እንደ ጣውላ ይደርቃል፣ ሕመሙ አይለቅም፣ የልጁ እንቅስቃሴ ይቀንሳል። ስለዚህ ቢያንስ ለ4 ሰዓት የፅንሱን የልብ ምት መከታተል ያስፈልጋል። የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ ከሆነ ደግሞ በምቱ የልጁ ደም ከእሷ ደም ጋር ሊቀላቀል ስለሚችል፣ የሾተላይ መርፌ በ72 ሰዓት ውስጥ መወጋት አለባት። እሷ ጋ የሚመጡት ግን በሳምንቱ ነው፤ ያም ወድቄ ነው እያሉ።

ከዚያ ስለ እህቴ ክንድ ተናገረች። የወደቀ ሰው መዳፉን፣ ክርኑን፣ ጉልበቱን ይላጣል። የክንድ የውስጥ በኩል ግን ብዙ ጊዜ የሚበልዘው ሰው ጨምድዶ ሲይዘው ነው። ይህን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ።

መልስ 4 እና 5። ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ሾተላይ ዞረ። አንዷ፣ እናቷ ከእሷ ቀጥሎ ሦስት ልጅ እንደቀበሩ፣ ሰፈሩም ሾተላይ አለባት እያለ ጡት የሚጠባ ልጅ አያሳያትም እንደነበር አወጋች። ሌላው ሰው ድሮ ሾተላይን እንደ ክፉ መንፈስ ቆጥረው ክታብ ያስሩበት እንደነበር ጨመረ። አዋላጇ ተመልሳ በአጭሩ አስተካከለች። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ይወለዳል፤ የእናትየው ሰውነት የሚያዘጋጀው መከላከያ የሚጎዳው ቀጣዮቹን ነው። እናትየዋን ያን ያህል ዘመን ሲሸሿት የኖሩትን አሰብኩ፤ አንዲት መርፌ ነበረች የጎደለችው።

መልስ 6። እዚህ ላይ ቃናው ተቀየረ። ዳቻቱ ማዶ የሚባል ሰው ገብቶ ነገሩ ሁሉ ከውጭ የመጣ የፕሮጀክት ወሬ መሆኑን፣ ድሬ የፍቅር አገር ስለሆነች እንዲህ ያለ ነገር እንደማይበዛባት፣ የባልና ሚስት ጠብ በሽማግሌ እንጂ በነርስ እንደማይታይ ጻፈ። ጥቂት ቆይቶም ሴቶቹ ራሳቸው ተመትተው ደስ የሚላቸው እንዳሉ ጨመረበት።

መልስ 7። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሆኗን የተናገረች ልጅ በንዴት መለሰችለት። እ.ኤ.አ. የ2016ቱን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጠቅሳ፣ ባል አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት እንደደረሰባቸው፣ አርግዘው ከሚያውቁት ደግሞ 4 በመቶው በእርግዝና ላይ ሳሉ እንደተመቱ አስቀመጠች። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ግን በኢትዮጵያ 71 በመቶ ነው ብላ ጥናቶቹን አንድ ላይ ደባለቀቻቸው። በመጨረሻም ሰውየውን ያላዋቂ አለችው። ከዚህም የከፋ ቃል ነበረበት፤ አልደግመውም።

መልስ 8። ስለ ቁጥር የሚያውቅ አንድ ጸጥተኛ ሰው ልጅቷን አረማት። 71 በመቶው የቡታጅራ አካባቢ ሴቶች ቁጥር እንጂ የመላ አገሪቱ አይደለም። እሱም በዕድሜያቸው ከትዳር ጓደኛ የደረሰባቸውን የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ነው የሚቆጥረው። 4 በመቶውን ደግሞ ትንሽ ነው ብሎ ማለፍ እንደማይገባ አሳሰበ፤ ያ ለጠያቂ የተናገሩት ብቻ ነው። በዚያው ዳሰሳ የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶው እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። ዳቻቱ ማዶ ደስ ይላቸዋል ላለው ደግሞ ሌላ ቁጥር አመጣ። 63 በመቶ የሚሆኑ ሴቶች ባል ቢያንስ በአንድ ምክንያት ሚስቱን ቢመታ ልክ ነው ብለዋል፤ እንዲህ ያሉት ወንዶች ግን 28 በመቶ ናቸው። መልመድ እንጂ መደሰት አይደለም ብሎ ተረጎመው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ዘገባ ጥቃት የሚደርስባቸው ሴቶች ቀኑ ሳይደርስ የመውለድ ዕድላቸው በ41 በመቶ ከፍ እንደሚልም ጨመረ። ልጅቷ ስለ እርማቱ አመሰገነችው፤ ዳቻቱ ማዶን ግን ይቅርታ አልጠየቀችም።

መልስ 9፣ 10 እና 11። እዚህ ደግሞ ጫት ገባ፤ የድሬ ወሬ ያለሱ አይሞላም። አንዱ ጥፋቱን ሁሉ በበርጫና ከምርቃና በኋላ በሚመጣው ጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን ለመስበር በሚጠጣው መጠጥ ላይ ጣለው። አንድ የሐረር ሰው ተቆጣ። አባቱ ዕድሜ ልኩን ቅሞ እጁን በእናቱ ላይ አንስቶ እንደማያውቅ፣ የሚመታ ሰው ሳይቅምም እንደሚመታ ጻፈ። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ፤ የእህቴ ባል አይቅምም፣ አይጠጣም። ሦስተኛው መልስ ወደ አወዳይ የጫት ዋጋ ሄደ፤ ከዚያም ውሃ ስለመጥፋቱና የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ስለሚተወው ነጭ ኖራ ተወራ። አልከለከልኳቸውም፤ ሰውም ትንሽ መተንፈስ ነበረበት።

መልስ 12። ክሩን ጸጥ ያሰኙት እናት ናቸው። የልጅ ልጃቸው እየጻፈችላቸው እንደሆነ አስቀድመው አሳወቁ። ወጣት ሳሉ መጋላ ነበር የሚኖሩት፤ ባላቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ቤታቸው የተከበረ፣ ቡናው የማይነጥፍ ነበር። ስምንተኛ ወራቸው ላይ ስለ አንድ የጠፋ ሒሳብ ተጣልተው ባላቸው በጫማ ረገጧቸው። በማግሥቱ ምጥ መጣ። ልጁ ሲወለድ ድምፁ እንደ ድመት ግልገል ነበር ይላሉ፤ ከአንድ ዳቦ አይበልጥም። አማታቸው ልብሱን አወላልቀው ደረታቸው ላይ፣ በነጠላ ውስጥ፣ ቆዳ ለቆዳ አድርገው ያዙት። እሳቸውና አማታቸው እየተቀባበሉ እንዲያ 40 ቀን ከረሙ። ለጎረቤት የተነገረው ግን ሙቀቱ ነው ያለ ቀኗ ያስወለዳት፣ የድሬ ፀሐይ ነው የሚል ነበር። ልጁ ከተረፈ ጥላ አገባለሁ ብለው ለቁልቢ ገብርኤል ተስለው፣ በዓመቱ ታህሳስ 19 ልጁን አዝለው ደንገጎን በእግራቸው ወጡ። ስለቱን አገቡ፤ እውነቱን ግን ለንስሐ አባታቸውም አልነገሩም። ልጁ ዛሬ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። እሱም አያውቅም። ይህን የተናገሩት አሁን ለእኛ ነው።

ለረጅም ሰዓት ማንም ምንም አልጻፈም። ከዚያ በየተራ እናታችን እያሉ መረቋቸው። አዋላጇ አማትየው ያደረጉት ዛሬ ክብደታቸው ከ2,500 ግራም በታች ለሆኑና ቀናቸው ሳይደርስ ለሚወለዱ ሕፃናት በየሆስፒታሉ የሚመከረው የካንጋሮ እንክብካቤ መሆኑን ነገረቻቸው። እሳቸውን ግን ያስለቀሳቸው ሌላ ነገር ነው። ያኔ አንድ ሰው በሩን ዘግቶ ማን ነካሽ ብሎ ቢጠይቀኝ እናገር ነበር ወይ እያሉ እስከ ዛሬ ያስቡታል። መልሱን ራሳቸው ሰጡ፤ አማቴ አጠገቤ ሳሉማ አልናገርም።

መልስ 13። የሕግ ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ደረቅ ግን ጠቃሚ ነገር አመጣ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ድብደባን በአካል ጉዳት ድንጋጌዎች ያስቀጣል። ባል መሆን መከላከያ አይሆንም። ሕጉ የጎደለውም አለ። አስገድዶ መድፈርን የሚደነግገው አንቀጽ 620 ከጋብቻ ውጭ ያለውን ነው የሚናገረው፤ ስለዚህ ሚስት በባሏ ተገድዳ ለምትደፈረው መልስ የለውም። በፍቺ በኩል ድሬዳዋ የፌዴራሉን የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ትጠቀማለች፤ ሐረሪ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያየው ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ ነው፤ ድብደባ ግን ወንጀል ስለሆነ ወደዚያ አይሄድም። ማንኛዋም ሴት ዛሬ ክስ ባትፈልግም ሐኪሟ ያየውን መዝግቦ እንዲያስቀምጥላት ትጠይቅ ብሎ መከረ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጥም አስታወሰ።

መልስ 14። የመጀመሪያዋ የሐረር ልጅ ተመለሰች። ጀጎል ውስጥ የሴቶች አፎቻ አለ፤ ለሠርግና ለለቅሶ የሚሰበሰቡ ሴቶች ናቸው፤ አንዷ ብትቀር የት ሄደች ብለው ይጠይቃሉ። እንዲህ ካሉት መካከል አንዲት ትልቅ ሴት ነፍሰ ጡሯን ይዛ ብትገባ፣ ባልም አይቀየምም፣ እሷም አትፈራም የሚል ሐሳብ አቀረበች። ብዙ ሰው ወደደው። እኔም ወደድኩት።

መልስ 15። ከዚያ ይህ መጣ። ስሟን የማላውቃት ሴት፣ ያለ ሰላምታ፣ ቀጥታ ወደኔ ጻፈች። ለብቻ ማለት ለብቻ ነው። አማትም፣ የአፎቻ ሴትም፣ ጎረቤትም ካለች ብቻዋን አይደለችም። እኔንም ጠየቀችኝ፤ በዚያን ቀን እኔስ ክፍሉ ውስጥ ምን እሠራ ነበር? እህቴ ባሏ ቢወጣ እንኳ፣ ታላቅ እህቷ፣ ሠርጉን የደገሰችላት፣ ነገ እናቷ ጋ ልትደውል የምትችለዋ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ትናገራለች ብዬ ነው ወይ? የእናታችንን የመልስ 12 የመጨረሻ ቃል መልሼ እንዳነብም አዘዘችኝ።

አነጋገሯ ጠንካራ ነበር፤ አንዳንዶች ሄደውባታል። እኔ ግን ትክክል ናት አልኩ። ከድብደባው ቀን ጀምሮ እህቴ ለኔ አንድም ቃል አልነገረችኝም ነበር። ብልዘቱን ያየሁት ከነርሷ ጋር እኩል ነው። ይህን ስጽፍ ጥያቄዬን ማስተካከል እንዳለብኝ ገባኝ፤ ባሏ ብቻ ሳይሆን እኔም መውጣት ነበረብኝ።

መልስ 16። ዳቻቱ ማዶ ተመልሶ የመልስ 15ን ሴት ትዳሯን ያፈረሰች አድርጎ ሰደባት። አድሚኑ ጽሑፉን አነሳው።

መልስ 17። አድሚኑ ራሱ ጻፈ። ስድብ እንደማይታገስ ካሳወቀ በኋላ፣ ማንም የሰፈር፣ የቀንና የጤና ጣቢያ ስም እንዳይጠቅስ ለመነ፤ የሚያነቡት ባሎችም ናቸው። እኔም የእህቴን የእርግዝና ሳምንት ጽፌ ስለነበር አጠፋሁት።

መልስ 18። የከዚራ ጥላ ተመለሰ። ማታ ሚስቱን ጠይቋት ነበር። እሱ እንዳይሰማት የምትፈልገው ነገር ክፍሉ ውስጥ ነበረ ወይ? ነበረ አለችው። ስለ ድብደባ አይደለም፤ ከእሱ በፊት ስለ ጨነገፈ እርግዝና ነው፤ አዋላጇ ስትጠይቃት የለም ብላ ዋሽታለች። አሁንም ደጅ መቆሙ ደስ እንደማይለው አልደበቀም። ለሦስተኛው ልጅ ግን ሳይጠየቅ ውጭ እንደሚቆይ ጻፈ። አከበርኩት።

መልስ 19 እና 20። አንዷ እህቴ ዛሬውኑ ትውጣ፣ እቃዋን ትሸክፍ ብላ አጥብቃ መከረች። አዋላጇ አላስቻላትም። ሴት ልጅ ልትወጣ ስትል ነው ብዙ ጊዜ አደጋው የሚበረታው፤ ስለዚህ ቀኑን የምትመርጠው ራሷ ናት። እስከዚያው መታወቂያዋን፣ ትንሽ ገንዘብና አንድ ቅያሪ ልብስ የምታምነው ሰው ቤት ታስቀምጥ። ጎረቤት የሚገባው አንድ ምልክት ይኑራት። ለሥራ ባልደረቦቿ ደግሞ ሁለት ነገር አጥብቃ ጻፈች። ሴቲቱ የተናገረችውን ወደ ቤት ይዛው በምትሄደው የቀጠሮ ካርድ ላይ እንዳትጽፉ፤ ለማስታወስ ብላችሁም በባሏ ስልክ እንዳትደውሉ። በአንዳንድ የመንግሥት ሆስፒታሎች ሕክምናን፣ ፖሊስንና ምክርን አንድ ቦታ ያገናኘ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ስላለ፣ ነፍሰ ጡሯን ወደዚያ መላክ የሚቻለው ራሷ ስትፈልግ መሆኑንም አከለች።

መልስ 21። ይህ የኔው ነው። እህቴ ለሁለተኛው ቀጠሮ ስትሄድ አብሬ ሄድኩ። ባሏም መጣ። በሩ ላይ ስንደርስ እኔ ቀድሜ፣ ና እንቀመጥ፣ እስክትመዘን ሻይ እንጠጣ አልኩት። ተከተለኝ። ኒሙ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሻይዋ አልቃ ብርጭቆው ውስጥ የቀረው ስኳር ላይ ዝንብ እስኪሰበሰብ ድረስ አልተነጋገርንም። ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ፤ አንድ ጊዜ ተነሳ፤ ስለ ሥራው ጠየቅኩትና ተቀመጠ። እህቴ 20 ደቂቃ ያህል ቆየች። ስትወጣ ሻርፗን አስተካከለች፤ ለባሏ ክብደቷ መጨመሩን ነገረችው። እኔን አላየችኝም። ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ግን እጄን ያዘችና እስከ ቤት ድረስ አልለቀቀችውም። ምን እንዳለች አልጠየቅኳትም። ሐሙስ ደግሞ ብቻዋን እንድትመጣ ተቀጥራለች፤ ለደም ምርመራ ነው ተብሏል።

መልስ 22። ሌሊት 7 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከዚህ በፊት ጽፋ የማታውቅ ሴት ገባች። ስለ ራሷ ምንም አላለችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ የክትትል ካርዷን ባሏ ነው የሚያስቀምጠው፣ ያለ ካርድ ብትመጣ ይመልሷታል ወይ? አዋላጇ ነቅታ ነበር መሰል፣ በሰባት ደቂቃ ውስጥ እዚያው ሥሩ መለሰችላት። አይመልሷትም። ካርዱ ጠፋብኝ ትበል፣ አዲስ ይወጣላታል፣ ማንም ወደ ቤት አይደውልም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ብትመጣ ወረፋው አጭር ነው። ልጁ ዛሬ መንቀሳቀሱን ግን አሁኑኑ፣ በግራ ጎኗ ተኝታ፣ ትከታተል፤ ዝም ካለ እስኪነጋ አትጠብቅ።

ሴትዮዋ ማንበቧን የሚያሳየው ምልክት ወጣ። ሌላ አልጻፈችም።